ነፃው ትምህርት ቤትና 3,480 ዶላሩ

ደብዳቤው የመጣው ኖቬምበር 2022 ላይ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደብዳቤው 312 ዶላር ይላል። የምሳ ዕዳ።

እናትየው ቅዳሴ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ጠበቀችኝ። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፤ ልጆቹ ምን አጥፍተው ነው?" አለችኝ። ቅጣት መስሏታል። ትምህርት ቤት ድንገት ገንዘብ ከጠየቀ ልጅ መስኮት ሰብሯል ማለት ነው፤ እኛ አገር እንደዚያ ነበር።

ልጆቹ ምንም አላጠፉም። ምሳ በልተዋል፣ በቃ።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ብዙ ዓመት ስለቆየሁ እሑድ እሑድ አዲስ ለሚመጡ ሰዎች ፎርም እሞላለሁ፣ ደብዳቤ አነባለሁ። የዚህን ቤተሰብ ጉዳይ ሁለት ዓመት ተኩል ተከታትየዋለሁ። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። የእነሱንም የትምህርት ቤቶቹንም ስም አልጠቅስም።

አምስት ናቸው። ዲቪ ደርሷቸው ማርች 2022 ከአዲስ አበባ መጡ። ትልቁ ልጅ ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። መካከለኛዋ ልጅ 12 ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ትንሹ ገና አንደኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ የአባትየው ወንድም ቤት ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ገቡ፤ ጁላይ ላይ የራሳቸውን ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራዩ። አባትየው ቤተስዳ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሥራ አገኘ፣ በሰዓት 15 ዶላር ከ65 ሳንቲም። ያኔ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ እኛ ባለንበት አስተዳደር፣ ትልልቅ ቀጣሪዎች የሚከፍሉት ዝቅተኛው ደመወዝ ነው። እናትየው አረጋውያን ቤት እየሄደች ትንከባከባለች፤ በሳምንት 24 ሰዓት፣ በሰዓት 14 ከ50።

አባትየው አዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ሰውየው ዝርክርክ አይደለም። ገና ቤዝመንት እያሉ በኤክሴል ባጀት ሠርቷል። ኪራይ፣ ስልክ፣ አስቤዛ፣ ኢንሹራንስ፣ ለእናቱ በየወሩ የሚልከው 150 ዶላር፣ ሁሉም አለበት። "ትምህርት" የሚል ረድፍም አለ። እዚያ ላይ የተጻፈው 200 ዶላር ነው። ለዓመቱ። ለደብተርና ለእስክሪብቶ።

በጁን 2023፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ደረሰኝና የባንክ ወረቀት ዘርግተን ደመርነው። 3,480 ዶላር ወጣ።

ሰውየውን አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ልጆቹ የግል ትምህርት ቤት ነበሩ። እዚያ ወጪው ፊት ለፊት ይመጣል፤ መመዝገቢያ፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ ሰርቪስ፣ ዩኒፎርም። መስከረም ሳይገባ ሁሉንም ታውቀዋለህ፣ ትነጫነጫለህ፣ ትከፍላለህ። እዚህ ወርሃዊ ክፍያ የሚባል የለም። ሕጉም ጠንካራ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ልጁ የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረው እንኳ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሩን ሊዘጋበት አይችልም። እንግሊዝኛ ለማይችል ልጅ የሚሰጠው ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርትም አይከፈልበትም። እናትየው በኋላ ያለችኝ ነገር ልክ ነው፦ "ክፍያ የለውም ሲሉኝ ወጪ የለውም ያሉኝ መሰለኝ።"

ምሳው

መጀመሪያ ወደ 312 ዶላሩ ልመለስ፤ ብዙ ነገር እሱ ውስጥ አለ።

ማርች 2022 ላይ ልጆቹ ሲመዘገቡ የትምህርት ቤት ምሳ ለሁሉም ነፃ ነበር። በኮቪድ ምክንያት የፌዴራል መንግሥት ለሁለት የትምህርት ዓመታት ያለ ምንም ፎርም ተማሪውን ሁሉ እንዲመግቡ ፈቅዶ ነበር። ልጆቹ መጡ፣ ትሪ አነሱ፣ በሉ። ቤተሰቡም "እዚህ አገር ምሳ ነፃ ነው" ብሎ ያዘው። ፈቃዱ ግን በጁን 2022 መጨረሻ አበቃ። ኦገስት መጨረሻ ትምህርት ሲከፈት ምሳው እንደ ድሮው በገንዘብ ሆነ፣ ወደ 3 ዶላር። አንድ ልጅ ቁጥሩን ካሺየሯ ጋ ይነካል፤ ሒሳቡ ይቆጥራል። ማንም ልጁን አያስቆመውም፣ ትሪውንም አይቀማውም። ጥሩ ነው። ግን ለዚያው ነው ቤት ያለው ሰው የማያውቀው።

ማሳሰቢያው በኢሜይል ይላክ ነበር። ኢሜይሉ ደግሞ ለምዝገባ ብሎ የአባትየው ወንድም የከፈተላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልከፈተውም።

ግራ ያጋባቸው ሌላም ነገር ነበር። ትንሹ ልጅ ምንም ዕዳ የለበትም። ስለዚህ እናትየው ስህተት ነው አለች፤ "ትንሹ በነፃ እየበላ ትልልቆቹ እንዴት ይከፍላሉ?" እውነቱ ይህ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የበዙበት ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ሁሉ ያለ ፎርም እንዲመግብ የሚፈቅድ የፌዴራል አሠራር አለ። የትንሹ ትምህርት ቤት እዚያ ውስጥ ነው። የትልልቆቹ አይደሉም። አንድ ቤት፣ ሦስት ልጅ፣ ሁለት ዓይነት ደንብ።

መፍትሔው ፎርም መሙላት ነው። ለነፃና ለቅናሽ ምግብ የሚሞላው ፎርም በዚህ ካውንቲ በአማርኛም አለ። የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶች ብዙ ወረቀት ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ፤ ወላጅ አስተርጓሚ መጠየቅም ይችላል። አንድ ፎርም ለሦስቱም ልጆች ይበቃል።

አባትየው ግን አልሞላም አለ።

ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው ኩራት ነው። "ጋሼ፣ እኔ ቆሜ እየሠራሁ ለልጆቼ ምሳ ልለምን?" አለኝ። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ሲመገቡ ወላጆቻቸው ለምነው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ከደመወዝህ ታክስ ሲቆረጥ ማን ጠየቀህ አልኩት። ሳቅ አለ፣ ግን አልተረታም።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ጓደኛው "የመንግሥት እርዳታ ከወሰድክ ግሪን ካርድህ ላይ ይመጣብሃል፣ ዜግነትም ትከለከላለህ" ብሎታል። ይህ ወሬ በማኅበረሰባችን ውስጥ ያልዞረበት ቤት የለም። "የመንግሥት ሸክም" የሚባለው፣ በመንግሥት እርዳታ ላይ ይወድቃል የተባለን ሰው ግሪን ካርድ የሚያስከለክል ደንብ እውነት አለ። ግን የትምህርት ቤት ምሳ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም። በ2019 የወጣውና ብዙ ሰው ያስደነገጠው ጠበቅ ያለ ደንብ እንኳ አልቆጠረውም፤ ዲሴምበር 2022 ሥራ ላይ የዋለውም አልቆጠረውም። ለዜግነት ሲጠየቅ ደግሞ ይህ ደንብ መመዘኛ አይደለም። ይህን ለማሳመን ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ያሳመነው የእኔ ንግግር አይደለም፤ ፎርሙን ራሱ በአማርኛ ሲያነበው የመኖሪያ ወረቀት የሚጠይቅ መስመር አጣበት።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራን። የሚታየው ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ገቢ ነው። የእሱ 32,552፣ የእሷ 18,096፣ ድምር 50,648 ዶላር። አገር ቤት የሚላከው 150 አይቀነስም፤ እዚህ ላይ ቅር አለው። በዚያ ዓመት አምስት ሰው ላለበት ቤት የነፃ ምሳ መስመር 42,211፣ የቅናሹ ደግሞ 60,070 ነበር። እነሱ በሁለቱ መካከል ናቸው፣ ማለትም ቅናሽ። በፌዴራሉ ደንብ በቅናሽ የሚበላ ልጅ ለምሳ እስከ 40 ሳንቲም ይከፍላል። ሜሪላንድ ግን ያንንም ራሷ ትሸፍናለች። ስለዚህ ዜሮ።

ውሳኔው በ10 የትምህርት ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ለእነሱም በሳምንቱ መጣ። ያለፈውን ዕዳ ግን አይሰርዝም። 312ቱን በስድስት ወር፣ በወር 52 ዶላር ከፈሉ። ኦገስት ላይ አሥር ደቂቃ ተቀምጠው ቢሞሉት ኖሮ አንድ ሳንቲም ባልከፈሉ ነበር። አባትየው ይህን ሲያስብ አሁንም ጥርሱን ይነክሳል።

በነገራችን ላይ ፎርሙ በየዓመቱ ነው የሚሞላው። የአምናው ተቀባይነት አዲሱ ዓመት ከተጀመረ በኋላ ለ30 የትምህርት ቀናት ብቻ ይቆያል። በ2023 "አምና ሞልተናል" ብለው ተቀመጡ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ሒሳቡ መቁጠር ጀመረ። ደግነቱ እናትየው የትምህርት ቤቱን መተግበሪያ ስልኳ ላይ ጭና ነበርና በሳምንቱ ነቃች። 27 ዶላር ተበሉ። በ2024 ጁላይ ላይ ሞሉት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ነፃ ምሳ ማለት ትሪው ነው። ቺፕሱ፣ ጁሱ፣ ሁለተኛው ወተት ለብቻ ይከፈልበታል። ትልቁ ልጅ ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠውን 20 ዶላር በሁለት ሳምንት ቺፕስ አደረገው። ወላጅ ጠይቆ ማስዘጋት ይችላል፤ አስዘጉት። ልጁ ይጾማል፤ ጾም ሲሆን ከቤት ይዞ ይሄዳል። ካፊቴሪያው ሥጋ የሌለበት ምግብ አለው፣ ግን ለፈረንጅ ሥጋ የሌለው ማለት ቺዝ ያለበት ፒዛ ነው።

ፎርሙ ምሳ ብቻ አለመሆኑ በኋላ ነው የገባን። የምሳ ተቀባይነት ያለው ቤት በወር 30 ዶላር የኢንተርኔት ቅናሽ ያገኝ ነበር፤ ፕሮግራሙ ገንዘቡ አልቆ በ2024 እስኪቆም ድረስ ተጠቀሙበት። ትልቁ ልጅ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ያለ ክፍያ ተፈተነ። ኤፒ የሚባለው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ፈተናም በቅናሽ ሆነለት። በ2024 ክረምት፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ፣ ደግሞ ሜሪላንድ ለእያንዳንዱ ልጅ 120 ዶላር የምግብ ገንዘብ ሰጠች፤ ለሦስቱ 360። የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያቺ አባትየው "ልለምን?" ያላት ወረቀት ናት።

ጥቃቅኑ

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። ደብተር፣ ቦርሳና የመሳሰለው 285። ኦገስት ላይ የተገዛ ልብስና ጫማ 340። የብርድ ካፖርት፣ ቡት፣ ጓንት 410። ፎቶ 118። ጉዞ 64። የተሰበረ የክሮምቡክ (የተማሪ ላፕቶፕ) ስክሪን 55። ለኳስ ታኬታ ጫማና የቅልጥም መከላከያ 95። የመጽሐፍ ባዛር፣ የትምህርት ቤት ቲሸርት፣ "ለክፍላችን" ተብሎ የተገዛ ቸኮሌት 90።

ከዚህ ውስጥ ሊቀር የሚችለው ብዙ ነው። የፎቶው ነገር ያስቃል፣ ያናድዳልም። ፖስታው ሲመጣ ዋጋ ተዘርዝሮበታል። እናትየው ግዴታ መስሏት ለሦስቱም መሐከለኛውን መርጣ ከፈለች። ፎቶ የሚነሳው ሁሉም ልጅ ነው፤ የሚገዛው የፈለገ ብቻ ነው። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። የዕቃ ዝርዝሩም እንዲሁ ነው። ሶፍት፣ የእጅ ማጽጃ፣ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት ይላል። ይኸ ለክፍሉ በጋራ የሚዋጣ ነው። የቻለ ያመጣል፣ ያልቻለ ልጅ አይመለስም። የጉዞ ክፍያ ከከበደም ለመምህሩ ወይም ለካውንስለሯ (ለተማሪዎች አማካሪዋ) ሹክ ማለት ይበቃል። እኛ ግን መጠየቅ ይከብደናል።

ቡቱ ግን ትርፍ ወጪ አልነበረም። በዚህ ካውንቲ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚያገኘው ቤቱ ከ1 ማይል ተኩል በላይ ከራቀ ነው። የእነሱ 1.3 ማይል ነው። ልጅቷ በጃንዋሪ ብርድ ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሯ ትሄዳለች። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ለታዳጊዎች ነፃ መሆኑን የሰሙት ፌብሩዋሪ ላይ ነው።

ዩኒፎርም አለመኖሩ ያስወጣል ብልህ ታምነኛለህ? አዲስ አበባ አንድ ሹራብና አንድ ሱሪ ዓመቱን ይይዝ ነበር። እዚህ ልጁ በየቀኑ ይታያል። ትልቁ ልጅ ለአንድ ጫማ ሦስት ሳምንት አኩርፏል። አልተገዛለትም። በኋላ ጉድዊል የሚባለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ብዙም ያልተለበሰ አገኘለትና ለ14 ዶላር ገዛለት፣ አባትየው ማለቴ ነው። ልጁ ከየት እንደተገዛ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ኦገስት ላይ ሜሪላንድ ለአንድ ሳምንት 100 ዶላርና ከዚያ በታች በሆነ ልብስና ጫማ ላይ የሽያጭ ታክስ ታነሳለች። ታክሱ 6 ከመቶ ነው። በ340 ዶላር 20 ዶላር ያህል መሆኑ ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ለእሱ ተብሎ የማያስፈልግ ነገር የሚገዛ ሰው አይቻለሁ።

80ዎቹ ቀናት

እስካሁን የዘረዘርኩትን ብትደምረው 1,769 ዶላር ይመጣል። የቀረው 1,711 የት ሄደ?

ልጅ መጠበቂያ ነው። የዚህ ጉዳይ እምብርት ለእኔ እዚህ ነው። ስለ ትምህርት ቤት ወጪ ሲወራ ግን ማንም አያነሳውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓመት ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ቀናት 260 ገደማ ናቸው። የሜሪላንድ የትምህርት ዓመት 180 ቀናት ነው። ልዩነቱ 80 ነው። ወላጅ ሥራ የሚገባበት፣ ልጅ ግን ቤት የሚውልበት 80 ቀን። ክረምቱ፣ የገና ሳምንት፣ የፀደይ እረፍት፣ የመምህራን ስብሰባ። ቀደም ብለው የሚለቁበትም ቀን አለ። በረዶ ሲጥል ደግሞ ንጋት ላይ በስልክ መልእክት ይነገርሃል። አዲስ አበባ እንዲህ ሲሆን አያት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ሠራተኛም ትኖራለች። እዚህ ጎረቤትህን በስሙ አታውቀውም።

በትምህርት ቀንም ቢሆን ትንሹ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ይለቀቃል። አባትየው ከሥራ የሚወጣው 12 ሰዓት ነው። እናትየው ሰዓቷ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ልጁን እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለ ከትምህርት በኋላ ማቆያ አስገቡት። በወር 480 ዶላር። ሕንፃው የመንግሥት ነው፤ ማቆያውን የሚያካሂደው ግን የግል ድርጅት ነው። ሁለት ወር፣ 960 ዶላር። ኪራዩ ሊንገዳገድ ሲል አቋረጡ።

የተተካችው እህቱ ናት። የ12 ዓመት ልጅ። የእሷ ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ይለቃል፤ በእግሯ ሄዳ ወንድሟን ትቀበላለች፣ ቤት ታስገባዋለች፣ እናቷ እስክትመጣ ትጠብቀዋለች። በመዝገባችን ላይ ይህ ዜሮ ዶላር ነው። ግን ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ ትወደው ከነበረው የሥዕል ክበብ ወጣች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ሳልጠይቃት። አባቷ በኤክሴሉ ውስጥ ለዚህ ረድፍ አልነበረውም።

ትምህርት በሚዘጋባቸው ቀናት ደግሞ አባትየው ስድስት ጊዜ ከሥራ ቀረ። የቀን ሒሳቡ 125 ዶላር ከ20 ነው። ስድስት ጊዜ፣ 751 ዶላር። ይህን እሱ እንደ ወጪ አልቆጠረውም ነበር፤ ከኪሱ አልወጣም፣ ኪሱ አልገባም እንጂ። ስንደምረው ነው የደነገጠው። ከዓመቱ የትምህርት ወጪ ግማሽ ያህሉ ደብተርም ጫማም አይደለም፤ ሰዓት ነው።

ለዚህ መፍትሔው ነበር፣ አናውቀውም እንጂ። ሜሪላንድ ለሚሠሩ ወላጆች የልጅ ማቆያ ስኮላርሺፕ አላት። ስሙ "ቻይልድ ኬር" ስለሚል ለሕፃናት ብቻ ይመስላል፤ ከ13 ዓመት በታች ላለ ተማሪ ከትምህርት በኋላ ማቆያም ይሠራል። በ2023 ፀደይ አመለከቱ። ሁለቱም ወላጆች የሥራ ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀት አቀረቡ። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ትንሹ ልጅ ማቆያ ገባ፣ የእነሱ መዋጮ በሳምንት ጥቂት ዶላር ሆነ። ልጅቷ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች።

ሦስቱን ልጆች ሲያስመዘግቡ ያወጡት ሌላ 240 ዶላርም አለ። ከዓመቱ በፊት ስለነበር በ3,480 ውስጥ አላስገባነውም። የጤና ምርመራ ነው። ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ በአይኦኤም (በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) ተመርምረዋል፣ ክትባት ወስደዋል። የክትባቱን ወረቀት ኮፒ ግን አልያዙም። ሜሪላንድ ግሪን ካርድ ላላቸው ልጆች የጤና ሽፋን የምትሰጠው አምስት ዓመት ሳታስጠብቅ መሆኑንም አላወቁም፤ ቸኩለው የግል ክሊኒክ ሄዱ። የምትመጡ ካላችሁ የክትባት ወረቀቱን በእጅ ሻንጣ ያዙ።

የኦገስት ዕቁብ

አባትየው በሁለተኛው ዓመት ኤክሴሉን አሻሻለ። "ትምህርት" የሚለውን ዓመታዊ ድምር ለ12 አካፍሎ በየወሩ እናስቀምጥ አለ። እናትየው ሳቀችበት። "በየወሩ የተቀመጠ ብር የት ደርሶ ያውቃል? መኪናው ይበላሽና ትወስደዋለህ።" እውነቷን ነው።

ችግራቸው የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ወሩ ነው። ወጪው ኦገስትና ኖቬምበር ላይ ተከምሮ ይመጣል። ትልቁ ገንዘብ ደግሞ፣ የታክስ ተመላሹ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ኦገስት እስኪደርስ አንድም ሳንቲም አይተርፍም፤ የአውሮፕላን ትኬት ብድር አለ፣ አገር ቤት የታመመ ሰው አለ።

ስለዚህ እሷ ዕቁብ ገባች። 12 ሴቶች፣ በወር 100 ዶላር። በዕጣ ነው የሚወጣው፤ ግን መቀያየር ይቻላል። ዳኛዋን አስፈቅዳ ከአንዷ ጋር ተቀያየረችና ኦገስት 2023ን ያዘች። 1,200 ዶላር። 500ውን ኦገስት ላይ ለልብስና ለዕቃ አዋለችው። 400 በፖስታ አድርጋ "ብርድ" ብላ ጻፈችበት። 300 ለአሥር ለአሥር ዶላሯ ጥቃቅን ወጪ። በዕቁብ ያለ ብር መኪና አይጠግንም፤ ለአሥራ አንድ ሴቶች ምን ብለህ ትመልሳለህ? በዚያ ዓመት ለዕቃና ለልብስ ለመሳሰለው ያወጡት 1,190 ሆነ። ፎቶ አልተገዛም። አባትየው ከሥራ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት አንድ ነገር ከኋላ መታቸው። ለልጅ የሚሰጠው የታክስ ክሬዲት በአንድ ልጅ 2,000 ዶላር ነበር። ልጁ ግን በዓመቱ መጨረሻ ከ17 ዓመት በታች መሆን አለበት። ትልቁ ኖቬምበር 2023 ላይ 17 ሞላው። ለእሱ የሚሰጠው ወደ 500 ወረደ። አባትየው ስህተት ነው ብሎ ፎርሙን ሦስት ጊዜ ደገመው። ስህተት አልነበረም። ልጁ ብዙ መብላትና ብዙ ማስወጣት በጀመረበት ዓመት ላይ 1,500 ዶላር ቀረ። ይህን ቀድመው ቢያውቁ ያን ፌብሩዋሪ ሌላ ነገር ባላቀዱበት ነበር።

በ2024 የእናትየው ሥራ በሳምንት 30 ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ሙሉ ሰዓት እንድትሠራ ተጠየቀች። ሴቶቹ "እንዳትቀበዪ፣ ምሳው ይቋረጥብሻል" አሏት። አስላን። እሱ ያኔ 17 ከ15፣ እሷ 15 ከ50። ሁለቱም 40 ሰዓት ከሠሩ 67,912 ዶላር። ለአምስት ሰው የቅናሹ መስመር 67,673። በ239 ዶላር ያልፋሉ።

239 ዶላር! እሷ ልትተወው ደርሳ ነበር። እኔ ግን ይህን ምክር አልወደውም። ከ30 ወደ 40 ሰዓት ስትገባ በዓመት 8,060 ዶላር ይጨመራል፣ ታክሱ ሳይቆረጥ። ምሳው ሙሉ በሙሉ ቢቀር ለሁለት ልጅ 1,100 ገደማ ነው። የክረምቱን 360 ጨምርበት። ያም ሆኖ ሥራው ይበልጣል። ደግሞም ፎርሙ ጁላይ ላይ በእውነተኛው የ30 ሰዓት ገቢ ተሞልቶ ጸድቋል፤ አንዴ ከጸደቀ ለትምህርት ዓመቱ ይቆያል፣ በመሀል ገቢ ቢጨምር ሪፖርት ማድረግ አይጠበቅም። ኦክቶበር ላይ ሙሉ ሰዓት ጀመረች። ለሚቀጥለው ዓመት ምሳ እንደሚከፍሉ አስበው ኤክሴሉ ውስጥ አስገብተውታል።

ትልቁ ልጅ በዚያ ዓመት 12ኛ ክፍል ነበር። ኖቬምበር ላይ አንድ ቀጭን ወረቀት ይዞ መጣ። የምረቃ ጋዋንና ቆብ፣ የዓመቱ መጽሐፍ፣ ፕሮም የሚሉት የጭፈራ ምሽት። ይህ ወረቀት ግን እንደ ፎቶው ፖስታ አላስደነገጣትም። የቱ ግዴታ፣ የቱ ምርጫ እንደሆነ ለመጠየቅ ካውንስለሯ ጋ በራሷ እንግሊዝኛ ደወለች።

በሚቀጥለው የዕቁብ እሑድ እዚያው ነበርኩ። ቡና ተፈልቶ ለአዲሱ ዙር ወር ሲያዝ፣ አንድ ተኩል ዕጣ እገባለሁ አለች። አንዱን ለኦገስት፣ ግማሹን ለኤፕሪል።

ዳኛዋ መዝገቡን እያየች፣ "ኦገስት ያንቺ መሆኑንስ ለምደነዋል፤ ኤፕሪል ደግሞ ምን መጣ?" አለቻት።

"ጋዋን" አለች።